ጨው ከመግባቱ በፊት

ከእግዚአብሔር ጋር ውል የምዋዋል ሰው ነበርኩ። ይህን ስጠኝ፣ ያንን እሰጥሃለሁ፤ ካልሰጠኸኝ እንተዛዘባለን። በአፌ እንዲህ አልልም። በአፌ "እምነት አለኝ" ነው የምለው። ልቤ ውስጥ ግን ማኅተም ብቻ የቀረው ውል ነበር። አሁን ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ይህን ካልነገርኳችሁ ግን የቀረው ታሪክ አይገባችሁም።

ሰብለ እባላለሁ። ጁባ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ይህ በሆነበት ጊዜ ኮሎሎ መንገድ ዳር ሃያ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችኝ። ጁባ ውስጥ ምግብ ቤት ማስተዳደር ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ጠዋት ጄኔሬተሩ አልነሳም ይላል። እሱን ስታስነሱ የውሃ ቦቴው ይቀራል። ቦቴው ሲመጣ ውሃው ከወንዙ እንደተቀዳ ድፍርስ ነው፤ ታንከሩ ውስጥ ማጥሪያ ዱቄት ጨምራችሁ እስኪጠራ ትጠብቃላችሁ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ቁጣዬ ከጄኔሬተሩ ቀድሞ ይነሳል። እናቴ "የሰብለ ቁጣ የገለባ እሳት ነው፣ ወዲያው ይጠፋል" ትል ነበር፤ እስኪጠፋ ድረስ ግን ያገኘውን ይለበልባል።

ወጥ ቤቱን የሚመሩት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፣ አዳማ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት ኖረው ልጃቸውን ተከትለው ጁባ የመጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ታማ ስለነበር እሷንም ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንም የሚያስተዳድሩት እኔ በምከፍላቸው ደመወዝ ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እጃቸው የማያርፍ፣ ማንንም የማያሙ ሰው ናቸው። አንድ ልማዳቸው ብቻ ያበሳጨኝ ነበር። ወጡ ሁሉ ከደረሰ በኋላ፣ ጨው ሊጨምሩ ሲሉ ይቆማሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከጨው ባልዲው አንድ እፍኝ ይዘግናሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ያማትቡና መጨመር ይጀምራሉ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰው ምሳ አዞ ሲጠብቅ ግን ያቺ አንድ ደቂቃ ትረዝማለች።

አንድ ጊዜ "እትዬ፣ ቆመው የሚያደርጉት ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እያስፈቀድኩ ነዋ" አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

ረዳታቸው መርየም ናት፤ የደሴ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ከማሽን የምትፈጥን። ዕቃ የሚገዛልንና መኪናውን የሚነዳው ደግሞ ጋትሉዋክ ነው። ጋትሉዋክ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ነገር ግን ጋምቤላ በስደት ስላደገ አማርኛው ከእኔ አማርኛ አይተናነስም። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። እትዬ ብርቄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። መርየም እስከ ማታ። ስለዚህ የሁለት ሃይማኖት ጾም የተሰበሰበበት ወጥ ቤታችን ውስጥ ወጥ የሚቀምሰው ጋትሉዋክ ብቻ ነበር። ማንኪያ ይዞ ከድስት ድስት እየዞረ "ይሄ ደርሷል፣ ይሄ ሸውዬ ይቀረዋል" ሲል አለቃችን እሱ ይመስል ነበር። "ሸውዬ" በጁባ አረብኛ ትንሽ ማለት ነው።

ሥራው ግን ተቀዛቅዞ ነበር። ደንበኞቻችን የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቢሮዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ደንበኛውም አብሮ ሄደ። ከሃያ ሁለቱ ጠረጴዛ የሚያዝልን አምስት ወይም ስድስት ሆነ። ስምንት ሠራተኛ ይዤ ቤቷን ልዘጋ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ከአንድ የውጭ ድርጅት ሚስ ሮዝ የምትባል የግዢ ኃላፊ ደወለችልኝ። ሐሙስ ለሁለት መቶ ሰው የስብሰባ ምሳ ትፈልጋለች።

"ይህ ሳምፕል ነው" አለችኝ። "ከወደድነው የዓመቱ ኮንትራት ያንቺ ነው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው ውል አወጣሁ። ሁዳዴን የምጾመው እንደ ብዙዎቻችን ነበር፤ ሥጋና ወተቱን ትቼ ቁርሴን በሰዓቱ እበላለሁ። አሁን ግን "ጌታዬ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም። ሦስቱን ቀን ሳላጓድል ከጨረስኩ ኮንትራቱን ትሰጠኛለህ። ማድረግ ያለብኝ ነገር ካለም ንገረኝ፤ በሕልምም ቢሆን በግልጽ ንገረኝ" ብዬ ተሳልኩ። ማክሰኞ ሌሊት ያለምኩት ጄኔሬተር ነው።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ አፈሰሰና ከሥር የነበሩት የጨውና የዱቄት ጆንያዎች ረጠቡ። መርየም "እኔ ላውጣቸው" ብላ መጣች። "ተዪው፣ ለእናንተ ብተወው ይበላሻል" አልኳት። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ፣ በስልኬ መብራት፣ በራሴ እጅ ያልረጠበውን ከላይ ከላይ እየዛቅሁ ወደ ባልዲ ገለበጥኩ። በዚያን ሳምንት ማንንም በምንም አላምንም ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሥራ ጀመርን። ጋትሉዋክ መኪናውን ለምግቡ ጭነት ትቶ ዓሣ ሊያመጣ ወደ ወደቡ ሄደ፤ "ጀልባው እንደገባ ይዤ እመጣለሁ" አለ። ምግቡ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባው አዳራሽ መድረስ አለበት። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ያልተጮኸበት ሰው እንዳይቀር ተራ የያዝኩ ይመስል ሁሉንም ስጮህባቸው አረፈድኩ። ሽንኩርቱ ወፍሯል፣ ሩዙ ውሃ በዝቶበታል፣ ማነው ይህን ክዳን ክፍት የተወው። ሆዴ ባዶ፣ አፌ ደረቅ፣ ራሴ እየወቀረኝ ነበር። መርየም አንዴ ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ አየኋት። ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ስድስቱም ትልልቅ ድስቶች ደረሱ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የአታክልት ወጡ፣ ሩዙ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጥብሱ። ጋትሉዋክ ግን የለም። ስልኩ ላይ ብደውል አይሠራም።

"ጋትሉዋክ መጣ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

"አልመጣም። እርስዎ ጨዉን ይጨምሩና እንጫን፤ ጊዜ የለንም።"

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ታጠቡ። ከባልዲው አንድ እፍኝ ዘገኑ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት ሆነ። መርየም መክተፏን አቆመች። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ገለጡና እፍኛቸውን መልሰው ባልዲው ውስጥ በተኑት።

"ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"እንቆይ።"

"ለምንድን ነው የምንቆየው?"

"አላውቅም ልጄ። ቆዪ ብሎኛል።"

"ማን ነው ቆዪ ያለዎት?"

ቀና ብለው አዩኝ። ጥያቄው ነው ያስገረማቸው።

"እሺ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምንቆይስ አልነገረዎትም? እኔ ስድስት ሰዓት ተኩል የማደርሰው ምግብ አለኝ።"

"እሱን አልነገረኝም" አሉ፤ እያላገጥኩባቸው መሆኔን ያስተዋሉ አይመስሉም።

"ጨምረው ይቅመሱትና እንጨርሰው" አልኩ። "ቀምሰው ይትፉት። ቀምሶ መትፋት ጾም አይሽርም።"

"ይሽራል አይሽርም ብዬ አልከራከርሽም ሰብልዬ። በሁዳዴ ቀምሼ አላውቅም።"

"መርየም፣ አንቺስ?"

"የእኛ ሰዎች እንኳ ለወጥ ሠሪ ይፈቀዳል ይላሉ" አለች መርየም አንገቷን ደፍታ። "እኔ ግን ድንገት ብውጠውስ ብዬ እፈራለሁ።"

"አንቺስ ለምን አትቀምሽውም?" አሉኝ እትዬ ብርቄ፤ ክፋት በሌለበት ድምፅ።

"እኔማ ስለት አለብኝ" አልኩ። እነሱ ጾማቸውን እንዲሽሩልኝ የምጠይቅ እኔ፣ የራሴን አልሽርም። ይህን ያኔውኑ ሰምቼዋለሁ። ግን ቁጣ ላይ ያለ ሰው የሰማውን ሁሉ መቀበል አይወድም። ስለዚህ የባሰውን ተናገርኩ። "እዚህ ቤት የሚያዝ አንድ ሰው ነው። አልጨምርም ካሉ ሽርጥዎን ይፍቱ።"

እትዬ ብርቄ እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። ልጃቸው አልጋ ላይ እንዳለች አውቃለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ሽርጣቸውን ፈቱና አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እሄዳለሁ፤ አንቺ ነሽ ባለቤቷ" አሉኝ። "ይህን ጨው ግን በእጄ አልጨምርም።"

ባልዲውን ሳብኩና ራሴ አንድ እፍኝ ሙሉ ዘገንኩ። ምስሩ ድስት ላይ እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ብርቄ እጄን ሊይዙኝ ይችሉ ነበር፤ አልያዙኝም። መርየም ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች።

"ሰብልዬ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ከመጨመርሽ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቂው።"

"ሦስት ቀን ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።"

"ሦስት ቀን ለመንሽው እንጂ መች ጠየቅሽው?"

እጄ ድስቱ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። የያዝኩትን ባልዲው ውስጥ ወርውሬ፣ በሩን በርግጄ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጓሮ ከውሃ ታንከሩ ሥር ባለው ጥላ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አምርሬ ነበር። "ንገረኝ አልኩህ" አልኩት እግዚአብሔርን፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። "ሦስት ቀን በባዶ ሆዴ ለመንኩህ። አንተ ደግሞ እኔን ትተህ ወጥ ሠሪዬን ታነጋግራለህ።" ይህን እያልኩ ጄኔሬተሩ ተንገራገጨና ጠፋ። ሌላ ቀን ቢሆን ዘልዬ እነሳ ነበር። በዚያን ቀን ግን ጉልበት አልነበረኝም።

ለስንት ቀን በጆሮዬ ሲያጓራ የሰነበተው ድምፅ ሲቆም ዝምታው ከበደኝ። የምለው ሁሉ አለቀብኝ። ኮንትራት ስጠኝ አላልኩም፤ እንዳልል ደክሞኛል። ዝም አልኩ። ምናልባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእግዚአብሔር ፊት ምንም ሳልጠይቅ ዝም አልኩ።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣ። ድምፅ አልነበረም፤ ብርሃንም፣ የሚያስደነግጥ ነገርም አላየሁም። ገበያ ስትሄዱ "ቁልፉን ረስቻለሁ" ብሎ ትዝ እንደሚላችሁ ያለ ተራ ሐሳብ ነው። ጾምሽን ግደፊና ቅመሺ።

ሰይጣን ነው ብዬ አማተብኩ። ሐሳቡ ግን ምንም አልመሰለውም፤ እዚያው ቁጭ አለ። ተከራከርኩት። የቀሩት አራት ሰዓት እኮ ብቻ ናቸው። ስለቴን በመጨረሻዋ ቀን ካፈረስኩ ምን ይዤ ነው ኮንትራቱን የምጠይቀው? ይህን ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ምንም አልይዝም። ባዶ እጄን ነው የምቀርበው። እንደ እትዬ ብርቄ፣ እንደ መርየም፣ ያለ መያዣ። የሚያስፈራኝ ረሃቡ አልነበረም ለካ፤ እግዚአብሔርን የያዝኩበትን ገመድ መልቀቅ ነው። ለብቻዬ አለቀስኩ። ከዚያ በቀሚሴ ጫፍ ፊቴን ጠርጌ ተመለስኩ።

እትዬ ብርቄ ያለ ሽርጥ ቆመው እሳቱን ዝቅ እያደረጉ ነበር። አባርሬያቸው እንኳ ወጡ እንዳያርብኝ ይጠብቁልኛል።

"እትዬ፣ እኔ እቀምሳለሁ" አልኩ።

ስለትሽስ ብለው አልጠየቁኝም። ከምስሩ አንድ ጭልፋ በትንሽ ሳህን ቀዱልኝ። ከባልዲው በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ጨመርኩበት፤ አማሰልኩና አፌ ውስጥ አደረግኩት።

አፌ ተጨማደደ። ያልበሰለ ሙዝ እንደ ነከሰ ሰው ምላሴ ሻከረኝ፣ ጉንጬ ተጣበቀ። ሮጬ መታጠቢያው ላይ ተፋሁት። ተመልሼ ከባልዲው ዱቄቱን ብቻ በምላሴ ጫፍ ነካሁት። ጨው አይደለም። ጁባዎች ሸብ የሚሉት፣ ታንከር ውስጥ ጨምረን ድፍርሱን ውሃ የምናጠራበት ነጭ ዱቄት ነው።

ስድስት ድስት፣ ለሁለት መቶ ሰው፣ በእፍኝ በእፍኝ ሊጨመር ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ካለነው የሚቀምስ አልነበረም። እዚያ አዳራሽ የመጀመሪያው ሰው ወዲያው ይተፋው ነበር ይሆን፣ ወይስ በርበሬው ሸፍኖት ርቧቸው ይበሉት ነበር? ከሆዳቸው ገብቶ ምን ያደርጋቸው ነበር? ዛሬም ድረስ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

"ማን ነው ይህን እዚህ የሞላው?" አለች መርየም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። በዚያ ቤት ጥፋት ሲገኝ በማን ላይ እንደሚጮህ ታውቃለቻ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ብርቄ ቀደሙኝ። "ትናንት ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ" አሉ ድስት እየከደኑ፣ "ዝናብ ያላደባለቀው ነገር የለም።"

ረቡዕ ማታ ባልዲዎቹን ማን እንደሞላ አይተዋል። ከአንድ ሰዓት በፊት ያባረርኳቸው ሴት፣ በሁሉም ፊት ጥፋቴን ለዝናብ ሰጡልኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። "እኔ ነኝ" አልኩ። "መርየም፣ ትናንት በጨለማ ባልዲዎቹን ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ ላውጣው ብለሽኝ ነበር።" ሽርጡን ከጠረጴዛው አንስቼ እትዬ ብርቄን በእጄ አስታጠቅኋቸው። ጀርባቸው ላይ ስቋጥረው ይቅር ይበሉኝ ማለቴን እንጃ፤ ብዬ ከሆነም በለቅሶ የታፈነ ነበር። "ኧረ ተዪ፣ እሳቱ ይጠፋል" አሉኝ።

ጨዉን ታንከሩ ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ አገኘነው። እትዬ ብርቄ ግን ተቀላቅሎ ይሆናል ብለው ሊነኩት አልፈለጉም። መርየም ሮጣ ከጎረቤት ሱቅ ያልተከፈተ ጨው ይዛ መጣች። እትዬ ብርቄ እጃቸውን እንደገና ታጠቡ፤ እፍኛቸውን ይዘው እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል። ሚስ ሮዝ ናት። አላነሳሁትም። ከእሳቸው ጎን እኔም ቆምኩ። አማተቡና መጨመር ጀመሩ።

"ምን ይላል?" ይሉኛል በየድስቱ።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

"አሁንስ?"

"አሁን ደርሷል።"

ስለቴን አምስት ጊዜ፣ በአምስት ማንኪያ አፈረስኩት። ጥብሱ ላይ ስንደርስ ጋትሉዋክ በላብ ተጠምቆ ገባ። "እህቴ ሰብለ፣ ጀልባ ማፊ፣ ኔትወርክ ማፊ" አለ እጁን እያራገፈ፤ ማፊ የለም ማለት ነው። "በመጨረሻ ዓሣው መጣ፤ በቦዳ ሞተር ጭኜ አመጣሁት።" ዓሣውን ለመጥበስ ጊዜ አልነበረንም። ማንኪያ ሰጠነውና ጥብሱን ቀመሰ። "ሸውዬ ጨው" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ምን እንዳሳቀን አልገባውም።

አዳራሹ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሚስ ሮዝ በር ላይ ቆማለች። ሁለት መቶ ሰው ሳህን ይዞ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። በሉ። ሁለተኛ ያነሡ ብዙ ነበሩ። የአንዱንም ፊት ሳላይ አላለፍኩም፤ ሲያኝኩ፣ ሲስቁ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ አየሁ። በዚያን ቀን ሰው ምግብ በልቶ በደህና ሲነሣ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል አወቅሁ። ዕቃ ስንሰበስብ ሚስ ሮዝ መጣች።

"ምግቡ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ሰዓቱ ግን ጥሩ አይደለም። አዝናለሁ።"

"ልክ ነሽ" አልኳት። ክርክር አልመጣልኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተመልሰን ከእትዬ ብርቄ ጋር ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ከድስት የተረፈውን ምስር በላን። ለእሳቸው የቀኑ የመጀመሪያ ጉርሻ ነው። አንድ አጎረሱኝ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አላስበላ አለኝ።

"እትዬ፣ እንዴት ነው የነገረዎት? ድምፅ አለው?"

"ምን ድምፅ አለው" አሉ። "እጄ ከበደኝ። ልቤ አላርፍ አለኝ። ይኸው ነው።"

"ዱቄቱ ከጨው ይለያል እኮ። ሳያውቁት በጣትዎ ለይተውት ይሆናል።"

"ይሆናላ" አሉ ሳይቀየሙ። "ጣቴንስ ማን ሰጠኝ?"

"ስንት ዓመት ነው እንዲህ ጨው ይዘው የሚቆሙት?" አልኳቸው።

"አዳማ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ። ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል።"

"በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ቆዪ ብሎዎታል?"

እንጀራውን ቆርሰው እጃቸው ላይ እንደያዙ አሰቡ። የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር።

"ዛሬ" አሉ። "ዛሬ ብቻ ነው።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይቺን መልስ እንዳታልፏት እለምናችኋለሁ። እኔ ሦስት ቀን ጠብቄ መልስ ዘገየ ብዬ የተቀየምኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ሠላሳ ዓመት በየቀኑ፣ ሰው እየቸኮለባቸው፣ አለቃ እየጮኸባቸው፣ አንዳች ነገር ሳይባሉ ቆመዋል። ምንም ሳይሰሙ ያማትቡና ጨዋቸውን ይጨምራሉ። ምንም ስላልሰሙም አንድ ቀን መቆሙን አልተዉም። ስለዚህ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ቆዪ ሲባሉ ቆመው ተገኙ። ብዙ ታላላቅ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ እምነትን ግን ያየሁት በእኚህ ሴት እጅ ነው።

ኮንትራቱን ሌላ ሰው ወሰደው። የኮሎሎዋን ቤት ዘጋኋት። ከሠራተኞቼ አራቱ ሌላ ቦታ ገቡ፤ ከቀረነው ጋር ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር ስምንት ጠረጴዛ ያላት ቤት ከፍተናል። እትዬ ብርቄ አሁን ወጥ ሠሪዬ ሳይሆኑ ሸሪኬ ናቸው፤ ቤቷ የሁለታችን ናት። እግዚአብሔር አንዱን በር ዘግቶ የተሻለ ከፈተልኝ ብዬ ላስውብላችሁ አልፈልግም። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ጄኔሬተሩ ያው ነው፣ ቦቴው ዛሬም ይቀራል። እኔም ዛሬ ጠዋት ጋትሉዋክ ላይ ጮኼያለሁ።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በየማለዳው በሩን ከመክፈቴ በፊት ቁልፉን ይዤ ለአንድ ደቂቃ እቆማለሁ። ስጠኝ አልልም። እዚህ ነኝ ብዬ ዝም እላለሁ። እስከ ዛሬ ምንም አልተባልኩም። ይህን ስነግራቸው እትዬ ብርቄ ሳቁና "ገና ሁለት ዓመትሽ እኮ ነው" አሉኝ። ነገም እቆማለሁ።